ለማይደነቁ አማኞች የቀረበ ውዳሴ

በአገራችን የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ የቀረ ወገን ቢኖር፣ ስለ ተአምር የተነገረውን ሁሉ ሳያላምጥ የሚውጠው ነው። ተጠራጣሪው ያላግጥበታል፤ የቤተ ክህነት ሊቃውንትም፣ የመስጊድ ዓሊሞችም፣ ጠንቃቃ ፓስተሮችም በየፊናቸው ይገሥጹታል። እሱ ግን ለማንም መልስ ለመስጠት አይቸገርም። «ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል?» ይላል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። በሦስት ቃላት ጥያቄን ሁሉ ከሥሩ ለሚነቅል ሰው ሐውልት ባይቆምለት እንኳ፣ ይህችን አጭር ውዳሴ ልንነፍገው አይገባም።

አስቀድሞ የሚመሰገነው በቁጠባው ነው። በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ይደርሰዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ጎልማሳ እጅ ሲጫንበት ብድግ ብሎ በአዳራሹ ውስጥ ይሮጣል። እንደ እኔ ያለ ነገር ፈልፋይ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ሕመሙን ማን እንደመረመረው፣ ከወር በኋላስ በእግሩ እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ሲል ጊዜውን ያባክናል። ይባስ ብሎም የወንበሩ እጀታ የተጠቀለለበት የፋብሪካ ፕላስቲክ ገና እንዳልተላጠ ያስተውላል። ወዳጃችን ፕላስቲኩን ብናሳየው እንኳ አይደነግጥም፤ «ታዲያ አዲስ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው መፈወስ ያቅተዋል?» ብሎ ቪዲዮውን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያስተላልፋል። ለዚህ መልስ የለኝም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን «ይችላል» ከሚለው ተነሥቶ «አድርጓል» የሚለው ላይ የሚደርስበት ፍጥነቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ስንት ሊቃውንትን ሲያደክም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው ታላቁ የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊ ከፈላስፎች ጋር ሲሟገት፣ እሳት ጥጥን የሚያቃጥለው በራሱ ግዴታ ሳይሆን በፈጣሪ ፈቃድ ነው በማለት ለተአምር በሩን ከፈተ። ወዲያው ግን ተቃዋሚ ሊያነሣበት የሚችለውን ጥያቄ ራሱ አነሣ፤ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ መጽሐፍ እቤቱ ትቶ የወጣ ሰው፣ መጽሐፉ እስካሁን ፈረስ ሆኖ ክፍሉን በፋንድያና በሽንት አበላሽቶት እንደሆነ በምን ያውቃል? የሊቁ መልስ፣ ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ነገር ማድረግ ቢችልም እንዳላደረገው የሚያውቅ ልቡና ለሰው ሰጥቶታል፣ ነገሮች በለመዱት መንገድ ሲሄዱ ደጋግመን ማየታችንም ይህን ዕውቀት በአእምሯችን አጽንቶታል የሚል ነው። ለተአምር ጥብቅና የቆመ ሊቅ ይህን ያህል ሲጠበብ፣ የእኛ ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ገና ጥያቄውን ሲሰማ ለፈረሱ ድርቆሽ ሊገዛ በወጣ ነበር።

እርግጥ ይህ ብርታቱ አንዲት ትንሽ ጉዳት አለችው፤ ተአምርን ያጠፋል። በቢታንያ የአልዓዛር መቃብር ሊከፈት ሲል እኅቱ ማርታ፣ አራት ቀን ስለሆነው ይሸታል ብላ ነበር። ሞቶ የተቀበረ እንደማይመለስ፣ ሥጋም እንደሚፈርስ አሳምራ ታውቅ ነበርና ነው የወንድሟ መነሣት ያን ያህል ነገር የሆነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው ስለ መዳኑ ሲመረመር፣ ወላጆቹ ሳይቀሩ ተጠርተው ልጃቸው መሆኑንና ዕውር ሆኖ መወለዱን ተጠይቀዋል፤ እሱ ራሱም የተከራከረው «ምን ይሳነዋል» በማለት ሳይሆን፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ እንደማያውቅ በማስታወስ ነው። ወዳጃችን በሁለቱም ቦታ ቢገኝ ኖሮ «ይኼማ ምን ይገርማል» ብሎ ወደ ጉዳዩ በሄደ ነበር። ሁሉም ነገር እኩል ይሆናል ብሎ ለሚያምን ሰው፣ የሙታን መነሣትና በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ ላይ ያለ ወረፋ ታክሲ መገኘቱ አንድ ዓይነት ወሬ ናቸው። (እኔን ከጠየቃችሁኝ የታክሲው ይከብዳል።)

በ2010 ዓ.ም. ክረምት በወለጋ የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ራሱን ነቢይ ያደረገ አንድ ሰው፣ ይህንኑ የአልዓዛርን ታሪክ ለሟች ቤተሰብ ተርኮ መቃብር አስቆፈረ፤ አስከሬኑም ላይ ተጋድሞ ሟቹን በስሙ እየጠራ ተነሥ አለው። ሟቹ አልተነሣም። የተቆጡ ሰዎች ነቢዩን መደብደብ ሲጀምሩ ፖሊስ ደርሶ አዳነው፤ አሰረውም። እውነት ለመናገር በዚህ ታሪክ ያዘንኩት በሕዝቡ ነው። የማርታን ጥያቄ አፈሩ ሳይነሣ ያልጠየቀ ሰው፣ አፈሩ ከተነሣ በኋላ እንዲያ መቆጣቱ የአቋም ጉድለት ነው። ነቢዩ ትንሽ ጊዜ ቢሰጡት ኖሮስ?

ሰነፍ እምነት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሉርድ ይሂድ። እመቤታችን ለአንዲት ልጃገረድ ተገለጠችበት ከተባለበት ከ1858 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ7,000 በላይ ሰዎች ዳንን ብለው አመልክተዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው ግን 70 ገደማ ብቻ ነው። እዚያ የተመደቡ ሐኪሞች፣ ሕመሙ በእርግጥ ነበረ ወይ፣ መድኃኒት አድኖት ይሆን ወይ፣ ፈውሱስ ከዓመታት በኋላ ጸንቷል ወይ እያሉ የእያንዳንዱን ማኅደር ሲያገላብጡ ይኖራሉ። ወዳጃችን በአንድ እሑድ ከሰዓት የሚያጸድቀውን ያህል ሉርድ በ160 ዓመት አላጸደቀችም።

ነገሩ ወደ መድኃኒት ሲዞር ውዳሴዬ ትንሽ ይተናነቀኛል። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል በጀመረባቸው ዓመታት፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ፀበል ከወጡት ሕሙማን መካከል ክኒናቸውን ያቋረጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ፀበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ ክኒኑን መዋጥም ኃጢአት አለመሆኑን በይፋ ተናገሩ። ወዳጃችን ግን በእምነት ከፓትርያርኩም ይበልጣል። ለእግዚአብሔር ከማይሳኑት ነገሮች ሁሉ በክኒን ማዳን ብቻ ተለይቶ የተሰረዘበትን ምክንያት እስካሁን ሊያስረዳኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ሕመምተኛው ቢድን ኖሮ የመጀመሪያው ምስክር እሱ ነበር፤ ሲሞት ደግሞ ከቀብርተኛው ፊት ተሰልፎ «ፈቃዱ ነው» ይላል። በሠርጉም በለቅሶውም የሚረታ ክርክር ይዞ የሚዞር ሰው ምንኛ የታደለ ነው፤ ያልታደለው አፈር የተጫነበት ብቻ ነው።

ደግነቱ ይህን እምነቱን የት አውጥቶ የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ አገኘሁት። ነጋዴዋ የሸኖ ለጋ መሆኑን በልጆቿ ስም ትምልለታለች። እሱ መሐላዋን እንዳልሰማ ሆኖ፣ ከላይ ያለውን ትቶ ከመሐል በስንጥር አስወጣ፤ አሸተተ፤ በምላሱ ጫፍ ቀመሰ፤ ሙዝ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን በሁለት ጣቶቹ መካከል እያሸ ወደ ብርሃን አዞረው። ቀጥሎ ሚዛኑ ምንም ሳይጫንበት ስንት እንደሚያነብ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ ከተመዘነለትም በኋላ በማዶ ባለው ሱቅ ሚዛን ደግሞ አስመዘነው። ነጋዴዋ ተናዳ «ወንድሜ፣ ሰው አያምኑም እንዴ?» ስትለው፣ «እህቴ፣ ዘመኑ ከፍቷል» አላትና ድፍን ብሩን አውጥቶ የመልሱን ቆጠራ ሁለት ጊዜ ደገመ። ሙዝን ወደ ቅቤ መለወጥ ለእግዚአብሔር እንደማይሳነው ግን ሁለቱም አላነሡም።