አንድ ፕሮፌሰር፣ ስልሳ ምስክር

ግሬድ በወጣ ማግስት ስለ ሒሳብ ፕሮፌሰር የሚጠይቅ ሰው አንድ ተማሪ ብቻ ጠይቆ አያቁም። አንዱን ከጠየቀ አንድ ፕሮፌሰር ያገኛል። ስልሳውን ከጠየቀ ስልሳ ፕሮፌሰር። የሚገርመው ስልሳዎቹም ያስተማሩት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠመኔ ነው።

ኤ ያለው ልጅ ድምፁ የረጋ ነው። «እሳቸው ሊቅ ናቸው። ትንሽ ፈጠን ይላሉ እንጂ ለሚከታተል ሰው ችግር የለም። እኔ ለምሳሌ ኤ ነው የሠራሁት።» ስንት እንደሠራ የጠየቀው አልነበረም።

ቢ ያላት ምስክርነቷ «ግን» አያጣም። «ጎበዝ ናቸው፤ ግን ፈተናቸውና ያስተማሩት አይተዋወቁም። ለኤ ሁለት ነጥብ ነው የቀረኝ።» ሁልጊዜ ሁለት ነጥብ ነው። ኤ በአሥራ ሰባት ነጥብ ያመለጠው ተማሪ እስካሁን አልተወለደም።

ሲ ያለው አጭር ነው። «ያሳልፋል፣ ሰላም ነው።» ለእሱ የማስተማር ጥበብ ጫፉ ይኼ ነው። ዝርዝር አትጠይቁት።

ኤፍ ያለውን ለመስማት ግን ወንበር ሳቡ። «ሰውዬው ኤፍ ሰጠኝ! ምን አድርጌው ነው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቴን ጠልቶታል።» ሰውዬው ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፋይናል ላይ፣ መታወቂያ ሲጠይቀው ነው።

እንዲህ ስል ፕሮፌሰሩን ነፃ እያወጣሁት አይደለም። ክፍል ይገባል፤ ጀርባውን ይሰጣል፤ ባለፈው ሳምንት ካቆመበት የእኩል ምልክት ይቀጥላል። በቀኝ እጁ ይጽፋል፣ በግራ እጁ ያጠፋል። በሁለቱ እጆች መሐል ያለችው ጊዜ ለተማሪው የተፈቀደች ናት፤ የቻለ ይገልብጥ። ድምፁ የሚሄደው ወደ ሰሌዳው ስለሆነ ካልኩለስን አሳምሮ የተማረው ሰሌዳው ነው። «ይህ ግልጽ ነው» ካለ አንድ ገጽ ዘሏል። «ቀሪውን እናንተ ጨርሱት» ካለ ፈተና ላይ ጠብቁት።

ከዚያ ዞር ይልና «ጥያቄ አለ?» ይላል። ጸጥ። የገባው ተማሪ ጥያቄ የለውም። ያልገባው ደግሞ ከየት ጀምሮ እንዳልገባው አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ዝምታውን «ገብቷቸዋል» ብሎ ይመዘግባል። ተማሪው «ጥያቄ አይወድም» ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው።

ሊሚትን፣ ማለትም አንድ ስሌት እየተጠጋ የሚሄድበትን ቁጥር፣ እንኳ ብንወስድ፣ ኒውተንና ላይብኒትዝ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ካልኩለስን ሲያበጁ ሊሚትን በቅጡ የሚያስረዳ ትርጓሜ አልነበራቸውም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ባወጣው መጽሐፍ መልክ አስያዘው። ዛሬ ተማሪን የሚያንገሸግሹትን ኤፕሲሎንና ዴልታ የተባሉ የሊሚት ትርጓሜ ፊደላት በወጉ ያደላደላቸው ጀርመናዊው ቫየርሽትራስ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው የመጣው። የዓለም ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተንገላቱበት ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ በሃምሳ ደቂቃ ይጨርሰዋል። «ጥያቄ አለ?» የሚልባትን ጨምሮ።

ኒውተንን ካነሳን አይቀር፣ እሱም ካምብሪጅ ውስጥ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። ረዳቱ እንዳስታወሰው፣ ሊሰማው የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው። የሚገባው ከጥቂቱም ጥቂት ነው። አንዳንዴም ሰሚ አጥቶ ለግድግዳ ያነብ ነበር። ያኔ የመምህር መገምገሚያ ፎርም ቢኖር ኖሮ አምስት ከአምስት የሚሰጠው ግድግዳው ብቻ ነበር።

ስለ አሳይመንት መገልበጥ ደግሞ ብዙ አልልም። ክፍሉ በሙሉ የሚሞትለት፣ አስቸጋሪ ሊሚት የሚፈታበት የሎፒታል ሕግ ራሱ የሎፒታል ሥራ አይደለም። ያገኘው የሒሳብ ሊቁ ዮሃን በርኑሊ ነው። ሎፒታል ግኝቶቹን በገንዘብ ተዋውሎ ወሰደና እ.ኤ.አ. በ1696 መጽሐፉ ላይ አወጣው። ልዩነቱ፣ ሎፒታል የወሰደው ነገር ገብቶት ነበር።

የእርማቱ ጉዳይ ግን ሰፊ ነው።

ተማሪ ሒሳብ ፈተና ላይ ሁለት ጸሎት አለው። አንዱ መልሱ እንዲመጣለት ነው። ሁለተኛው፣ መልሱ ካልመጣ ለሙከራው ነጥብ እንዲሰጠው ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ አይተውም። ጥያቄውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይገለብጣል። «የተሰጠን» ብሎ የተሰጠውን ይጽፋል። «የሚፈለገው» ብሎ የሚፈለገውን ይጽፋል። ከዚያ የሚያውቃቸውን ፎርሙላዎች በሙሉ ይደረድራል። የፓይታጎረስ እንኳ አይቀርም፤ በወረቀቱ ላይ አንድም ጎነ ሦስት ሳይኖር። ከሥር «ስለዚህ» ይላል። ከስለዚህ በኋላ መልስ አለ። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሲመለስ 3 ከ20። ቢሮው በር ላይ ሰልፍ ይጀመራል።

«ፕሮፌሰር፣ መልሱ እኮ ትክክል ነው።»

«መልሱ ትክክል ነው። አሠራሩ የት አለ?»

«በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት።»

«ነጥቡንም በጭንቅላቴ ሰጥቼሃለሁ።»

ቀጥሎ የሚገባው ተቃራኒውን ይዞ ነው። «ፕሮፌሰር፣ አሠራሬ እኮ ልክ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ናት የረሳኋት።» ያቺ ምልክት ወርዳ ወርዳ የበርሜሉን ይዘት ኔጌቲቭ አድርጋዋለች። ልጁ ከባዶ በታች የሚይዝ በርሜል አግኝቷል። ሳይደነግጥ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወጥቷል።

ደግሞ ተማሪው ዝም ብሎ አይጮኽም። እ.ኤ.አ. በ1913 ስታርችና ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ልጅ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለሒሳብ መምህራን ላኩ። ከመቶ በላይ የሆኑት አርመው መለሱ። ወረቀቱ አንድ፣ ልጁ አንድ፣ መልሱም አንድ ነው። ከ30 በታች የሰጠ ተገኘ። ከ90 በላይ የሰጠም ተገኘ። ሒሳብ እኮ ነው! ድርሰት ቢሆን ምን ሊኮን ነበር?

ኤፍ ያለው ልጅ ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ይላል። ከሁለቱ መምህራን የተሳሳተው ከ90 በላይ የሰጠው ሊሆን እንደሚችል ግን አይታየውም። «ነጥብ በዝቶብኛል፣ ቢቀነስልኝ» ብሎ ሰልፍ የያዘ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

ከርቭ ደግሞ አለ። የክፍሉ አማካይ 41 ከሆነ ፕሮፌሰሩ ተማሪውን ከክፍሉ ጋር እያነጻጸረ ግሬድ ይቆርጣል። ከርቭ ስሙን ያገኘባትን የደወል ቅርጽ ያላትን ኩርባ እ.ኤ.አ. በ1733 በጽሑፍ ያወጣት የሒሳብ ሊቁ ደ ሙዋቭር ነው፤ መነሻው የሳንቲም ውርወራ ዓይነት የዕድል ስሌት ነበር። ተማሪ ግሬዱ ሳንቲም ተወርውሮ የወጣ እየመሰለው የሚጠራጠረው እንግዲህ ያለ ነገር አይደለም።

ከርቭ ያለበት ክፍል ውስጥ ጓደኝነት ይከብዳል። ከፈተናው በፊት ሁሉም «ምንም አላነበብኩም» ይላል። ይህን የሚለው ሲቸክል አድሮ ዓይኑ የቀላው ነው። «አይዞህ፣ እኔም» ይባባላሉ። በሆድ ግን የሌላው መውደቅ ለራስ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ይሰላል። ሴሚስተሩን ሙሉ ፕሮባብሊቲ ያልገባው ልጅ ይህችን ያለ ካልኩሌተር ይሠራታል። ክፍሉ ውስጥ 98 ያመጣ ሰቃይ ካለማ ፕሮፌሰሩ ለጊዜው ይረሳል፤ የሕዝብ ጠላት ሰቃዩ ነው። «80 ላይ ቢያቆም ምን ይሆናል? ሰው አይጠግብም?»

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተራው የተማሪው ነው። ፎርም ይታደላል። ከ1 እስከ 5 ነው። «መምህሩ ሰዓት ያከብራል?» ለሚለው 2 የሰጠው፣ አንድም ቀን ሳያረፍድ ገብቶ የማያውቀው ነው። «በቂ ዝግጅት አድርጎ ይመጣል?» ለሚለው ደግሞ ይኸው ልጅ እስክሪብቶ ከጎኑ ተውሶ 1 ላይ ያከብባል። የአስተያየት ቦታው ላይ ያለው እንዲህ ነው። «በጣም ይፈጥናል።» «በጣም ይንቀራፈፋል።» «ምሳሌ ያብዛ።» «ምሳሌ አበዛ።» «እንደ አባት ናቸው።» «እግዜር ይይለት።»

ይህ ፎርም ምን እንደሚለካ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ማንንም አያስደስትም። ካረልና ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚን የካልኩለስ ተማሪዎች ነው ያዩት። እዚያ ተማሪው መምህር አይመርጥም፣ በዕጣ ይመደባል። ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። የመጀመሪያው ካልኩለስ ላይ ውጤት ያሳመሩት መምህራን በፎርሙ ተወደዱ። ተማሪዎቻቸው ግን ቀጥለው በሚመጡት ኮርሶች ደከሙ። ልምድ ያላቸውና ያን ያህል ያልተወደዱት መምህራን ተማሪዎች በኋላ በለጡ። ይህን ጥናት የማይወደድ ፕሮፌሰር ካገኘው አትሞ ቢሮው በር ላይ ይለጥፈዋል። አለመወደድ ብቻውን ማስተማር ማለት እንዳልሆነ ሹክ የሚለው ወዳጅ ያስፈልገዋል።

የተወደደውም አይኩራራ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» የሚል ስም ተሰጥቶት በምሁራን ፊት ቆመ። ርዕሱ ሒሳባዊው የጌም ቲዎሪ (የተፎካካሪዎች ውሳኔ ስሌት) ለሐኪሞች ትምህርት ያለው ጥቅም ነበር። ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። እርስ በርሱ የሚጋጭና ፍሬ የሌለው ነገር በቀልድና በሞቅታ አወራ። ከሰሚዎቹ መካከል የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ነበሩበት። ፎርም ሲሞሉ አሞገሱት። ፈተና ቢያወጣ ኖሮ ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ በጣም ነው የምጓጓው።

ፕሮፌሰራችንስ? ፎርሙን ያነባል። «ይፈጥናል» ያሉትንና «ይንቀራፈፋል» ያሉትን ደምሮ ያካፍላል። ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ይወጣለታል። ከዚያ የራሱን ግምገማ ይሰጣል፦ «የዘንድሮ ተማሪዎች ካለፈው ዓመት የባሱ ናቸው።» ይህን ማስተማር ከጀመረ አንስቶ በየዓመቱ ብሎታል። በኢንዳክሽን፣ ማለትም ዓመት በዓመት እየቆጠርን፣ ወደ ኋላ ከሄድን፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹ በሙሉ እንደ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ነበሩ ማለት ነው።

በዚህ መሐል ምዝገባ ይደርሳል። አዲስ ገቢዎች መረጃ ፍለጋ ይዞራሉ። ከሰው ሁሉ መርጠው የሚያገኙት ኤፍ ያለውን ልጅ ነው።

«ካልኩለስን ከማን ጋር ብንወስድ ይሻላል?»

«ከእሳቸው ጋር ነዋ!»

«ያስተምራሉ?»

«ሊቅ ናቸው እኮ። እንዳያመልጧችሁ። ጓደኞቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ በተለይ ሒሳብ ላይ ደከም የሚሉትን።»

እሱም እዚያው ክፍል ነው የተመዘገበው። ኮርሱን ይደግማል። አማካዩን የሚያወርድለት ሰው እየመለመለ ነው።