ደም ያለው ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት አለብኝ፣ የዕድሜ ልክ ነው። ከህመሙ በላይ እስካሁን የሚያናድደኝ ግን ስሙን ለማወቅ የፈጀብኝ ጊዜ ነው። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ሰገራ ስጪ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ አሜባ ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ተሰጥቶኝ ወደ ቤት። ለጥቂት ቀን ሻል ይለኝና ደሙ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና አሜባ፣ እንደገና ያው ክኒን። ቤት ደግሞ ፌጦ በሎሚ ጠጪ፣ በርበሬ ተይ፣ አትጨናነቂ ይሉኛል፣ ሁሉም ስለሚያስቡልኝ ነው፣ ግን ደም ማነሱ እየባሰብኝ ነበር።

አሜባ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ይገድላልም። ነገር ግን በሽታ የሚያመጣው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም ጉዳት ከሌለው ኢንታሚባ ዲስፓር ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልተገኘ በቀር አይለይም። ይባስ ብሎ አንጀት ሲቆስል ከሰገራ ጋር የሚወጡ የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች አሜባ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንዳንዴ አሜባ የሚያስብለው ራሱ የኛ በሽታ ነው ማለት ነው! ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሰራውን ልጅ አልወቅስም። እኔ የምለው መድኃኒቱ በደንብ ተወስዶ ደሙ ካልቆመ ያንኑ ደግሞ መጻፍ ይቅር፣ ሪፈር ይጻፍ፣ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት) ተደርጎ ከአንጀቱ ናሙና ይወሰድ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ክፍለ ሀገር ላለ ሰው ደግሞ ትራንስፖርትና አልጋ ይጨመርበታል፣ ግን ለዓመታት ለክኒንና ለካርድ የሚወጣውም ብር እኮ ብር ነው።

"ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋር የለም" የሚሉ ባለሙያዎችም ገጥመውኛል። የዚሁ በሽታ ዘመድ የሆነው ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ቁስለት በ1932 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኒውዮርክ ነው ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ የተጻፈው፣ ያ ማለት ግን የኛ አንጀት አያውቀውም ማለት አይደለም። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ እዚያ የኖሩበት ዓመት እየረዘመ ሲሄድ ክሮንስ እየታየ እንደመጣ ሐኪሞች መዝግበዋል። ኑሮና አመጋገብ ድርሻ አለው የሚባለው ለዚህ ነው፣ የአዲስ አበባም ኑሮ እየተቀየረ ነው።

ክሮንስ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአንጀት ቲቢ የሚወደው ቦታ ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ነው፣ ክሮንስም እዛው፣ ቁስላቸውም ይመሳሰላል። ቲቢ ያለበትን ሰው ክሮንስ ነው ብሎ ስቴሮይድ (ቁስለቱን የሚያበርድ ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) መስጠት ቲቢውን ማባባስ ነው፣ ክሮንስ ያለበትን ደግሞ 6 ወር የቲቢ መድኃኒት አስውጦ መጠበቅ አንጀቱ እስኪጠብ ማስቆየት ነው። አሜባውንም ሳያጣሩ ስቴሮይድ መጀመር አንጀት እስከመብሳት ያደርሳል፣ ስለዚህ የምጠይቀው ጥድፊያ ሳይሆን በትክክል መለየትን ነው።

ሌላው መድኃኒት ነው። የአንጀት ቁስለቱን የሚያበርደው ሜሳላዚን አንድ ሰሞን ይገኛል አንድ ሰሞን ይጠፋል፣ ከውጭ በሰው የሚያስመጡ ብዙ ናቸው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ግን ርካሽ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው ያለ ሐኪም በላዩ በላዩ ይውጠዋል። አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ደግሞ ራሱን ሊያስት ይችላል። ለስኳርና ለደም ግፊት ታማሚ መድኃኒት እንዳይቋረጥ እንደሚታሰበው ለኛም ይታሰብልን፣ ቢያንስ ለዚሁ በሽታ የሚሰጡት ሰልፋሳላዚንና አዛታዮፕሪን ከመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ አይጥፉ።