ሁሉን ነገር በጨው?

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሚኒባሱ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። የጤና ፕሮግራም እንግዳው «የታይሮይድ ሕመም የጨው ጉዳይ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው የምትበላ ሴት አትስጋ» አለ። ሐረጎን ወጥተን እስክንጨርስ እርር ድብን አልኩ።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለ፣ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ነው። አዮዲን ሲጎድል ያብጥና እንቅርት ይወጣል። ይህን ማን ካደ? ሰውየው ግን እዚያው ቆመ። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. ከአራት ሴቶች አንገት በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ መርምሮ የጻፈው ሌላ ነው። ዕጢው በነጭ የደም ሴል ታጭቋል። እነዚህ ሴሎች ሥራቸው ከጀርም መጠበቅ ነበር። እዚህ ግን የገዛ ታይሮይዳችንን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይበሉታል፤ በዝግታ፣ ለዓመታት። ዕጢው አንዳንዴ ያብጣል፣ አንዳንዴ ይሟሽሻል። ሆርሞኑ ያልቃል። ይህን ጨው ያቆመዋል? እንዲያውም አዮዲን ከልክ ሲያልፍ ሊያባብሰው ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው!

ግሬቭስ የሚባለው ሕመም ደግሞ ዕጢውን አለልክ ያሠራዋል። ሰው ይከሳል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ያን ጊዜ «ቡዳ በላው» እንላለን።

በሐኪሙ ስም ሃሺሞቶ የተባለው ያ ዕጢ የሚበላ ሕመም ከወንድ ይልቅ ሴትን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይይዛል። በዘርም ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመትም ታይሮይድ በዚሁ መንገድ ሊቆጣ ይችላል፤ «የአራስ ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ድካሙ ያልለቀቃት ወላድ ሁሉ ደሟ ይታይ ባይ ነኝ።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፤ ደሴ ላይ ደግሞ መደበቂያው ብርዱ ነው። ጦሳ ሥር ተቀምጣ «በረደኝ» ብትል ማን ይደነግጣል? አክስቴ ሁለት ዓመት ጋቢ በጋቢ ደርባ ከረመች። ስትወፍር «ተመችቷታል» አልን። ፀጉሯ ሲረግፍ ቅቤ ቀባናት። የነቃነው ኮምቦልቻ ልጇ ቤት ወርዳ በጠራራ ፀሐይ ጋቢዬን አላወልቅም ስትል ነው። ደሟ ሲመረመር ቲኤስኤች የሚሉት፣ ታይሮይድ ሲደክም የሚጨምረው ሆርሞን፣ ሰማይ ነክቷል። አሁን ጠዋት በባዶ ሆዷ አንዲት ኪኒን ትውጣለች። ቡናው ከዚያ ቆይቶ ነው፤ የምታማርረውም በዚህ ብቻ ነው።

ለሬዲዮው እንግዳ አንድ ነገር ልንገረው። የአክስቴ ጓዳ ውስጥ ያለው ጨው አዮዲን ያለው ነው። ከመታመሟ በፊትም የምትገዛው እሱኑ ነበር።