ሳንቃውን ለመጣል አትቸኩሉ

በእንግሊዝ ሰፎክ አውራጃ ዌንሃስተን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1892 የመንደሯ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይታደስ ነበር። ሠራተኞቹ ከመቅደሱ መግቢያ ቅስት ላይ ኖራ የተቀባ አሮጌ ሳንቃ ነቀሉና ግቢው ውስጥ ጣሉት። ሊቃጠል ነው። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሲነጋ ኖራው ታጥቦ ከሥሩ ፊቶች ብቅ ብለዋል።

በ1500 አካባቢ የተሳለ የፍርድ ቀን ሥዕል ነበር። ክርስቶስ ቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል። ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል፤ ሰይጣን ከወዲያ ቆሟል። ቅዱስ ጴጥሮስ የሚቀበላቸው ነፍሳት ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው። ንጉሡን በዘውዱ፣ ጳጳሱን በቆቡ ካልሆነ አትለያቸውም። ዳር ላይ ሲኦል እንደ ትልቅ ዓሣ አፉን ከፍቷል።

እኔን የሚነካኝ ግን መሃሉ ነው። እዚያ ቀለም ያልነካው ባዶ የመስቀል ቅርጽ አለ፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት ባዶ የሰው ቅርጾች። የስቅለቱ፣ የማርያምና የዮሐንስ ምስሎች ተገጥመው የነበሩበት ቦታ ነው። ሠዓሊው የሳለው በዙሪያቸው ነው። ምስሎቹ የሉም፣ ቦታቸው ግን እስካሁን ይጠብቃቸዋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ጊዜ፣ ሥዕሉ እንደ ጣዖት ተቆጥሮ በኖራ ተሸፈነ። ሸፋኞቹ ሳያስቡት አቆዩት። ሊያቃጥሉት የተነሱት ቤቱን እናሳምር ያሉት ናቸው።

ይህን የማነሳው በዚያው አገር ዛሬ ብዙ አጥቢያዎች አግዳሚ ወንበሮቻቸውን እያነሱ ስለሆነ ነው። ቦታው ለስብሰባ፣ ለሻይ ቡና ይፈለጋል። ይገባኛል። ሰው የማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያውን የሚጠግንለት አያገኝም። ከአግዳሚዎቹም ብዙዎቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው።

ግን ሁሉም አይደሉም። ከዌንሃስተን ብዙ ሳይርቅ፣ ብላይዝበርግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የመካከለኛው ዘመን ጠራቢ በአግዳሚዎቹ ጫፍ ላይ ኃጢአቶችን ቀርጿል። ሆዳሙ ቦርጩን ታቅፏል፤ ሰነፉ አልጋው ላይ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ወደ ቦታው ሲሄድ በእጁ ይዳስሳቸው ነበር። ይህን ነቅለህ ሙዚየም ብታስገባው እንጨቱ ይተርፋል፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ሰውን መገሠጹ ግን ይቀራል።

ስለዚህ ብሎን ከመፈታቱ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ባትሪ ይዞ ይግባ። ከወንበሩ ሥር፣ ከሳንቃው ጀርባ፣ ከቀለሙ በታች ይይ። የዌንሃስተኑ ሥዕል ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ያን ሌሊት ባይዘንብ ኖሮ አመድ ነበር።