የአገር ቤት ጓዝ፦ ይያዝ ወይስ ይቅር?

ከቦሌ ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ድርቆሽ፣ ጀበና፣ ጠበል፣ እምነት። ከዚያ ደግሞ የሰው አደራ አለ። ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይታወቅም። ይሄ ሁሉ በፍተሻ ማሽን ሥር ያልፋል። «ይቅር» የሚለው ወንድማችን ቨርጂኒያ ይኖራል። «ይያዝ» የሚሉት እናታችን ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ይመላለሳሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ ነው የተመላለሱት።

ይቅር

እትዬ፣ ቅር እንዳይሰኙብኝ። የአገር ቤት በርበሬ እኔም እወዳለሁ። ሰው ከአዲስ አበባ መጣ ሲባል ደውለው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከሚሉት ነኝ። ግን ነገሩን ፈታሹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማየትም ደግ ነው።

የኤክስሬይ ማሽን ሽሮን ሽሮ ብሎ አያውቃትም። የሚያየው ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን ያህል የታመቀ እንደሆነ ነው። ምግብ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ሆነው ይወጣሉ። ብረት ሰማያዊ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው አረንጓዴ። ክፋቱ፣ አብዛኛው ፈንጂም የሚወጣው በብርቱካናማ ነው። ታጭቆ የታሰረ ዱቄትና የረጋ ቅቤ ማሽኑን ቢያስጮኹት አይገርምም።

አሁን የእኛን ሻንጣ ያስቡት። ከታች በፕላስተር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ቅርጹ የጠፋ የቅቤ ዕቃ። ከላዩ የበርበሬ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል። መሃል ላይ ጀበና። ጀበናው ውስጥ ደግሞ የስልክ ቻርጀር ከነገመዱ ተጠቅጥቋል፤ እናቶቻችን ባዶ ቦታ ማየት አይወዱማ። ለእኛ ፍቅር ነው። ፈታሹ የሚታየው ግን የታመቀ ነገር፣ ሽቦና የኤሌክትሪክ ዕቃ ባንድ ላይ ነው። ፈልግ ተብሎ የሠለጠነው ይሄንኑ ነው።

የቀልድ ከመሰለዎት፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ላይ የሆነውን ልንገርዎት። የአንድ ተሳፋሪ ሻንጣ በፍተሻ ጨርቅ ሲታሽ ማሽኑ «ፈንጂ አለ» አለ። ሲከፈት የመጠጥ ጠርሙሶች ውስጥ ቡናማ ፈሳሽ ተገኘ። ከፍተው ያሸተቱ ሁለት ፈታሾች አመመን ብለው ሆስፒታል ተወሰዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዓታት ተዘጋ። ፈሳሹ ማር ነበር። ማር!

ዱቄትም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ሲድኒ ውስጥ ፈንጂ በሥጋ መፍጫ ደብቆ አውሮፕላን ላይ ለመጫን የተዶለተ ሴራ ተጋለጠ። በዓመቱ፣ ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ፣ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን በእጅ ሻንጣ የሚያዝ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ዱቄት ለብቻው እንዲፈተሽ ተደረገ። ምንነቱ ካልተረጋገጠ ጥለህ ግባ ነው። 350 ሚሊ ሊትር አንድ የኮካ ጣሳ ነው። በአንድ ጣሳ በርበሬ የሚረካ ሀበሻ ማን ነው?

ደግሞስ ለምን? እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ የሀበሻ ሱቅ ሞልቷል። በርበሬው አለ፣ ኮረሪማው አለ። እንጀራው ራሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣ ይሸጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በርበሬው አይደለም። «ኪሎ አለሽ?» የምትለዋ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ለሰው ዕቃ ቦታ ተርፎሻል ወይ ለማለት የምትጠየቀዋ ጥያቄ ናት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ለንደን ሂትሮው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት ወደ ቴል አቪቭ ልትበር ስትል ቦርሳዋ ተያዘ። እጮኛዋ ያስያዛት ቦርሳ ሥር ፈንጂ ነበር። እሷ አታውቅም። በእኛም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ቻይና ላይ በሻምፖ ዕቃ ውስጥ ኮኬይን ይዛለች ተብላ ታሰረች። ቤተሰቦቿ ዕቃውን ያስያዘቻት ጓደኛዋ ናት አሉ። ያኔ ያልተጨነቀ ማን አለ?

ይያዝ

ልጄ፣ የጀበናው ነገር አስቆኛል። እውነት ነው። ሌላውን ግን ሁሉንም አንድ ላይ ፈጭተኸዋል።

ያ የ350 ሚሊ ሊትር ሕግ ለእጅ ሻንጣ ነው። ራስህ ጽፈኸው ዘለልከው። በሚጫነው ሻንጣ በርበሬ አልተከለከለም። ፈሳሹም እንደዚያው ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚባለው የመጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለንደን ላይ በመጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ አስገብተው አውሮፕላኖች ሊያጋዩ አሲረዋል የተባሉ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። እሱም የእጅ ሻንጣ ጉዳይ ነው። የእኔ ቅቤና ጠበል ይጫናሉ። ማሽኑ ከጮኸ ይክፈቱት። ያያሉ፣ «ሻንጣዎ ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ጥለው ይዘጉታል። ሥራቸው ነው። እኔ ምን ቸገረኝ?

የማሩ ታሪክ ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሰውዬው ማሩን የከተተው በምን ነበር? በመጠጥ ጠርሙስ። ነገሩን ያመጣው ማሩ አይደለም፣ ሌላ መምሰሉ ነው።

እንዴት እንደማሽግ ልንገርህ። በርበሬው በሚያሳይ ወፍራም ፕላስቲክ፣ አየሩ ወጥቶ፣ በየኪሎው ይታሸጋል። ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል፤ ይሄን ልጄ ናት የምትሠራው። ምግብ በሙሉ ባንድ ሻንጣ ከላይ ይሆናል። የከፈተው ሰው ቀሚሴን ሳያተረማምስ እንዲያገኘው ነው። ሽቦ ከምግብ ጋር አይነካካም። ጀበናው ባዶውን፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ቅቤው ማታውን ፍሪዘር ያድራል፣ ጠንክሮ ይጓዛል። ቁልፍ ካስፈለገም የአሜሪካ ፈታሾች፣ ቲኤስኤ የሚባሉት፣ በራሳቸው መክፈቻ የሚከፍቱት ዓይነት ይገዛል። ሌላውን ቆርጠው ነው የሚጥሉት።

እምነት ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። ግራጫ አመድ፣ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ፣ ስምም የለው። ብዙ ሰው ለበረከት ብሎ ከሰውነቱ ሊለየው አይፈልግም፤ ኪሱ ውስጥ ወይም ደረቱ ላይ ይሸጉጠዋል። ፍተሻ ላይ ሲያገኙት ደግሞ ደንግጦ ዝም ይላል። ደንግጦ ዝም ያለ ሰው ኪስ ውስጥ ግራጫ ዱቄት! እኔ ከጠበሉ ጋር አብሬ እጭነዋለሁ። በእጄ መያዝ ካለብኝ በጣም ጥቂት አድርጌ፣ ሳልጠየቅ አውጥቼ ትሪው ላይ አስቀምጣለሁ። «ከቤተ ክርስቲያን ነው» እላለሁ።

ሱቅ አለ ትለኛለህ። አለ። የልጄ የአራስ ቤት ገንፎ ግን በማን ቅቤ ይበላ? ይሄን ሱቅ አይመልስልኝም።

ስለ አደራው ደግሞ፣ «ሰው ያስያዘሽ ዕቃ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2002 አስቀርተውታል። ክፋት ያሰበ ሰው እውነቱን አይናገርም። ሻንጣውን ሁሉ በማሽን ማየት ይሻላል አሉ።

ይቅር

ጥያቄው ቀረ እንጂ ኃላፊነቱ አልቀረም፣ እትዬ። በሻንጣዎ የተገኘ ሁሉ የእርስዎ ነው። ማሽኑ ያደራውን ባለቤት ስም አያነብም።

ደግሞ ፍተሻ አንድ ብቻ አድርገው ነው የጻፉት። አንዱ ለአውሮፕላኑ ደህንነት ነው። ሌላው አገር ሲገባ ነው፣ እሱን ዘለሉት። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢግል የሚባሉ ትንንሽ ውሾች ሻንጣ ያሸታሉ። ፈንጂ አይደለም የሚፈልጉት። ሥጋና ፍራፍሬ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ ቋንጣ አይገባም፤ ደረቀ፣ በበርበሬ ታሸ፣ ለውጥ የለውም። ምግብ ይዞ አልያዝኩም ያለ ሰው ደግሞ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ስንት እናት ናት እንግሊዝኛው ሲጠፋት «ኖ» ብላ የምታልፈው? ልትዋሽ አይደለም፣ ጥያቄው ስላልገባት ነው።

ከደለስ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥልማ ሻንጣውን እዚያው ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አሳልፎ፣ እንደገና ያስረክባል። እንደገና ፍተሻ ነው።

«ከፍተው ይዘጉታል» ያሉትንም አይቼዋለሁ። የእህቴ ሻንጣ ሲደርስ የበርበሬው ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። የሰርግ ጥበቧ ቀይ ሆኖ ወጣ። ማን ፈታው፣ የት ተፈታ፣ የሚነግራት የለም።

ዋናውን ጥያቄ ግን አሁንም አልመለሱልኝም። ጎረቤትዎ በስካርፍ ጠቅልላ፣ በፕላስተር ዙሪያውን አስራ «ይቺን ለልጄ» ስትልዎት፣ እትዬ፣ እውነት ይፈቱታል?

ይያዝ

እፈታዋለሁ።

እሷው ፊት፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ በመቀስ። መጀመሪያ ላይ የከፋቸው ነበሩ። «አላመንሽኝም ወይ?» ያለችኝ አለች። «አንቺን አምናለሁ፣ ሻንጣው ግን የኔ ነው» አልኳት። አኮረፈች፣ ተመለሰች። አሁን ሰፈሩ ለምዶታል። ዕቃውን ሳያሽጉ ያመጡታል፣ ቡና እየጠጣን አብረን እናሽገዋለን። ሻምፖም ቢሆን ክዳኑ ይከፈታል። አዲስ የታሸገ ነው ካሉኝ ይቅርብኝ እላለሁ፤ ሻምፖ የሌለበት አገር አይደል የሚሄደው።

የማልይዘውም አለ። ቋንጣ አልይዝም፣ ልጆቼም ያውቃሉ። ለመትከል የሚሆን ዘር አልይዝም። ጫት አሜሪካ ሲገባ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው፤ እሱን የጠየቀኝ ሰው ቡናም አይጠጣ ቤቴ። ያለ ሐኪም ወረቀት ኪኒን አልቀበልም። የቆየ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ያመጣልኝን ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፈቃዱን አምጣ እለዋለሁ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም ይላል። የአያትህ ቢሆንም።

ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ ይሄን አንተም አልጻፍከውም። ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሊቲየም ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል ቶሎ የሚደርስለት የለም። በእጅ ሻንጣ ከሆነ አስተናጋጆቹ ያዩታል። ለእሱም ልክ አለው፣ 100 ዋት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አየር መንገዱ መፍቀድ አለበት። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ልጆች ያነቡልሃል።

የእንግሊዝኛው ነገር ልክ ነህ፣ ያስቸግራል። እኔ ፓስፖርቴ ውስጥ የምትገባ ቁራጭ ወረቀት አለችኝ። «ምግብ ይዣለሁ፣ ቅመምና ቅቤ አለ፣ ሥጋ የለም» ትላለች፣ በእንግሊዝኛ። መኮንኑ ያነባል፣ ወደ ጎን ይልከኛል፣ ያዩታል። ይሄን አይገባም ካሉኝ ይውሰዱት። ያሳወቀ ሰው ዕቃውን ቢነጠቅ ነው እንጂ አይቀጣም። የቡናውን ጥሬ ፍሬ እንኳ ያሳልፉልሃል፣ ወደ ሃዋይ ወይም ፖርቶ ሪኮ ካልሄድክ።

የእህትህ ጥበብ አሳዝኖኛል። በርበሬና ጥበብ ባንድ ሻንጣ መክተት ግን ፈታሽ ባይኖርም አይሆንም ነበር።

ይቅር

እሺ፣ እርስዎ ይፈታሉ። ግን እርስዎ በሰፈር የተከበሩ ሰው ነዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበረዋን ልጅ ያስቡልኝ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሥራ የምትሄደዋን። አክስቷ መጥታ «ይሄን እዚያ ላለችው ልጄ» ስትላት፣ የ20 ዓመት ልጅ አክስቷን «ፍቺውና ልየው» ትላለች? አትልም። ቢገላምጧት ትሞታለች። ያቺ ልጅ ቋንቋውን አታውቅም፣ ሕጉን አታውቅም፣ ብትያዝ የምትደውልለት ሰው የላትም። በባህረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የአደንዛዥ ዕፅ ቅጣት እስከ ሞት የሚደርስበት አለ። የእርስዎ ዘዴ ለእርስዎ ይሠራል። ለእሷ ያለው መልስ «የሰው ዕቃ አልይዝም» ብቻ ነው። አጭር ነው፣ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ይያዝ

ለእሷ አጭሩን ይሁንላት። በዚህ አልከራከርህም። ግን እሱንም ቢሆን ልጅቷ አትበለው። ለአክስትየዋ የምትመልስላት እናቷ ናት። ሻንጣውን የምታሽገው እናት፣ እህቷን የምታውቃት እናት። «ልጄ የሰው ዕቃ አትይዝም፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት» ትበል። ኩርፊያውን አገር ቤት የቀረ ሰው ይቻለው።

እኔ ግን መያዜን አልተውም። ጥቅምት ላይ እመጣለሁ፣ ኪሎም አለኝ። እናትህ የምትልክልህ ካለ ሳታሽገው ታምጣው።