የአል ግሪን ጥፋት መጮህ አይደለም

የቴክሳሱ ጥቁር ተወካይ አል ግሪን ማርች 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሲናገሩ ተነሥተው በመጮሃቸው ከአሜሪካ ምክር ቤት አዳራሽ ተይዘው ሲወጡ የተሰማኝ ንዴት ገና አልበረደልኝም። ሰሞኑን ደግሞ እዚሁ አሜሪካ በሚተላለፍ አንድ የአማርኛ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ ያንን ጉዳይ አንሥቶ ሲናገር ሰማሁት። «ሽማግሌው ራሳቸውን ነው ያዋረዱት። ደንብ ደንብ ነው፤ ለነጭም ለጥቁርም እኩል ይሠራል» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ አለፈው።

እኩል ይሠራል? የት ነው እኩል የሠራው?

ሴፕቴምበር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ስለ ጤና መድን ሲናገሩ የሳውዝ ካሮላይናው ተወካይ ጆ ዊልሰን «ትዋሻለህ!» ብሎ ጮኸባቸው። ከወንበሩ ያስነሣው የለም። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማ። ከቀናት በኋላ ምክር ቤቱ ከተግሣጽ ያነሰ የቅሬታ ውሳኔ አሳልፎበት ነገሩ አበቃ። ማርች 2024 የጆርጂያ ተወካይ የነበረችው ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ፕሬዚዳንት ባይደን ላይ ስትጮህ የቅሬታ ውሳኔም አልደረሰባትም። አል ግሪን ግን በ77 ዓመታቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ትራምፕን ሜዲኬይድን፣ የዝቅተኛ ገቢ ሰዎችን የጤና መድን፣ እንዲቆርጡ ሕዝብ አልወከለዎትም አሏቸው። ወዲያው በጥበቃ ተይዘው ወጡ። በሁለተኛው ቀን 224 ለ198 በሆነ ድምፅ ተገሠጹ። ከራሳቸው ፓርቲ 10 ሰዎች ከከሳሾቹ ጋር ድምፅ ሰጥተዋል። እነዚያን አሥር ሰዎች አልረሳቸውም።

አል ግሪን ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ ብለዋል፤ እውነት ነው። ዊልሰንም ይቅርታ ጠይቋል። ይህን እቀበላለሁ፤ ከዚህ ግን ንቅንቅ አልልም። ጥቁር ተወካይን ከምክር ቤት የሚያስወጣ ሰው ሁልጊዜ ደንብ አያጣም። ማስረጃ ካስፈለገ ጁሊያን ቦንድ አለ።

ቦንድ በ1965 ከአትላንታ ለጆርጂያ ምክር ቤት ሲመረጥ 25 ዓመቱ ነበር። ስኒክ እየተባለ የሚጠራው የተማሪዎች የትግል ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ከመራጩ 82 በመቶው ድምፁን ሰጥቶታል። ጃንዋሪ 1966 ሲገባ፣ በባሕር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ሳሚ ያንግ የሚባል ወጣት አላባማ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ላይ የነጮችን ሽንት ቤት ልጠቀም በማለቱ ተገደለ። ስኒክ ከሦስት ቀን በኋላ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። ቦንድ ከጋዜጠኛ ሲጠየቅ በመግለጫው እስማማለሁ አለ። በቃ፣ ይኼው ነው ጥፋቱ። አልጮኸም። ስብሰባ አልረበሸም። ምክር ቤቱ ገና ሥራ እንኳ አልጀመረም ነበር።

ጃንዋሪ 10 ሌሎቹ አባላት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እሱ ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። ሕገ መንግሥቱን ላከብር እምላለሁ ይላል፤ የሚያስምለው አጣ። በዚያው ዕለት 184 ለ12 በሆነ ድምፅ ወንበሩን ነፈጉት። ሰበባቸው ምን መሰላችሁ? እንዲህ የሚናገር ሰው ቢምልም ከልቡ ሊሆን አይችልም አሉ። የሰው ልብ ውስጥ ገብተው ፈረዱ! ለክፍት ወንበሩ እንደገና ምርጫ ተደረገ፤ ሕዝቡ መልሶ መረጠው። እንደገና ከለከሉት። ኖቬምበር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መረጠው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የጆርጂያ ጠበቆች ሕግ አውጪ ከተራ ዜጋ በላይ አፉን መሰብሰብ አለበት ብለው ተከራከሩ። ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉባቸው። ፍርዱን የጻፉት ኤርል ዋረን እንዲያውም ተወካይ በፖሊሲ ጉዳይ ላይ እንዲናገር ሰፊ ነፃነት ሊኖረው ይገባል አሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የመራጩ ነገር ነው። ቦንድ ሌላ መድረክ አላጣም፤ በየቦታው ይናገር ነበር። ያ የአትላንታ ሰፈር ነው አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ተወካይ የከረመው። ግብሩን ይከፍላል፣ ልጆቹ ቬትናም ይዘምታሉ፣ ምክር ቤት ውስጥ ግን ስለ እሱ የሚናገር የለም። ተወካይን ዝም ማሰኘት የላከውን ሕዝብ ዝም ማሰኘት ነው፤ የፕሮግራሙ እንግዳ ይህችን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣትም።

ያው የጆርጂያ ምክር ቤት በ1868 የራሱን ጥቁር አባላት አባሯል። ሕጉ እንድትመርጡ እንጂ እንድትመረጡ አይልም ተባሉ። ሄንሪ ማክኒል ተርነር የሚባሉት ቄስ ቆመው መብቴን ልለምን አልመጣሁም አሉ፤ የሰማቸው የለም። በዚያው ወር ከተባረሩት አንዱ ፊሊፕ ጆይነር ሰዎች አስከትሎ ካሚላ ወደምትባል ከተማ ለምርጫ ስብሰባ ሲሄድ ጥይት ዘነበባቸው።

የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ ቴኔሲን ይመልከት። በ2023 ናሽቪል ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ የተኮሰ ሰው ሦስት ሕፃናትና ሦስት አዋቂዎችን ገደለ። የቴኔሲ ምክር ቤት አባላት የሆኑት ጀስቲን ጆንስ፣ ጀስቲን ፒርሰንና ግሎሪያ ጆንሰን አዳራሹ ውስጥ ወደ ፊት ወጥተው የመሣሪያ ሕግ ይውጣ ብለው ጮኹ። ሁለቱ ጥቁር ወጣቶች ተባረሩ። ነጯ ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፈች። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ያ ምክር ቤት ያባረረው ሁለት ሰው ነው፤ በ1980 በጉቦ አንዱን፣ በ2016 በወሲባዊ ትንኮሳ ሌላውን። ድምፅ ማጉያ ይዞ መጮህ ከጉቦ እኩል ተቆጠረ ማለት ነው። በሳምንት ውስጥ የናሽቪልና የሜምፊስ አካባቢ ምክር ቤቶች መልሰው ላኳቸው።

ይህን ሁሉ እያወቀ «እኩል ይሠራል» የሚል ሰው አለ፤ ያውም ከእኛ መካከል። ብዙዎቻችን እዚህ የገባነው በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በተከፈተው በር ነው። በዚያው ዓመት የምርጫ መብት ሕግ እንዲጸድቅ አላባማ ውስጥ ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ዱላ የቀመሱት ሰዎች ሥርዓት አልባ ተብለው ነበር። የሚናገረው ሰው ይህን ዘንግቶ ከሆነ አዘጋጁ ሊያስታውሰው ይገባ ነበር።

ተግሣጹ ከተላለፈ ከአምስት ወር በኋላ ቴክሳስ የምርጫ ክልሎቿን ካርታ እንደገና አሰመረች። የአል ግሪን 9ኛ ክልል ወደ ሪፐብሊካን እንዲያደላ ሆኖ ተቆራረጠ። ስለ ሜዲኬይድ የጮኹላቸው የሂውስተን ሰዎች ናቸው የተበታተኑት። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ደንብ የሚያወራ እንግዳ ሲፈልግ ከእነሱ አንዱን ይጋብዝ።