መቶ ሰው የሌለው መቶ አለቃ

የቅፍርናሆሙን መቶ አለቃ የማያውቅ የለም። ለታመመ አገልጋዩ ሲል ጌታን የለመነ፣ ቤቴ ልትገባ አይገባኝም ያለ ትሑት ሰው ነው። ቂሣርያ ላይ የተጠመቀው ቆርኔሌዎስም መቶ አለቃ ነበር። እኛ የሮማን መቶ አለቃ ከወንጌል ስለተዋወቅነው ባለማዕረጎቹ ሁሉ ደጋግ ይመስሉናል። ከሥራቸው ያገለገለ ተራ ወታደር ቢጠየቅ ግን መልሱን ትቶ ጀርባውን ገልጦ ባሳየን።

ሲጀመር መቶ አለቃው መቶ ሰው አልነበረውም። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሮሙሎስ ሮማን ሲቆረቁር ከሦስቱ ነገዶች አንዳንድ ሺህ እግረኛ ወስዶ መቶ መቶ አድርጎ መደባቸው። ሒሳቡ ልክ የነበረው እንግዲህ በተረት ዘመን ነው። በኋላ ንጉሥ ሰርቪዮስ ቱሊዮስ ሕዝቡን በሀብቱ መጠን ለዘመቻና ለድምፅ መስጫ ሲደለድል 193 «መቶዎች» ወጡ ይባላል። ከነዚህ 98ቱን ፈረሰኞቹና ባለጸጎቹ ወሰዱ። ምንም የሌለው ድሃስ? ብዛቱ የፈለገውን ያህል ይሁን፣ አንዲት «መቶ» ውስጥ ተጠቅጥቆ ገባ፤ ድምፁም አንድ ብቻ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው የኛ ታክሲ ረዳት እንኳ እንዲህ አድርጎ ጭኖ አያውቅም።

በሪፐብሊኩ ጊዜ የአንዱ «መቶ» ሰው ብዛት 60 ሆነ፤ ከኋላ ደጀን የሚሆኑት አንጋፋዎች ጋ ደግሞ 30። በቄሣሮቹ ዘመን ስምንት ስምንት ሆነው በየድንኳናቸው የሚያድሩ አሥር ቡድኖች ተደመሩና 80 ሞላ። ቁጥር ሁሉ ተሞከረ፣ መቶ ብቻ ቀረ። (የኛዎቹ መቶ አለቆች ስንት ሰው እንደሚያዝዙ አልጠየቅሁም። ወታደራዊ ምስጢር ነው።)

የሰው ቁጥር ቢጎድልም የአለቃው ግርማ አይጎድልም። የራስ ቁሩ ላይ ያለው ላባ ከጆሮ እስከ ጆሮ አግድም የተተከለ ነው፤ በጦርነቱ ትርምስ መሃል ወታደሩ አለቃዬ ጠፋብኝ ብሎ እንዳያመካኝ። በእጁ ከወይን ግንድ የተቆረጠ በትር ይይዛል። ሮማዊ ዜጋ የሚገረፈው በዚሁ በወይኑ ነው፤ ዜጋ ላልሆነው ተራ ዱላ ይበቃዋል። ዜግነት እንዲህ ያስከብራል!

የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ሉሲሊየስ ስለሚባል መቶ አለቃ ይነግረናል። ወታደሮቹ ያወጡለት ስም «ሌላ አምጣ» ነበር። በትሩ ከአንዱ ጀርባ ላይ ሲሰበርበት «ሌላ አምጣ!» ብሎ ይጮኻል። ያ ሲሰበር ደግሞ፣ «ሌላ አምጣ!» ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የሉሲሊየስን ያወጣው የተገረፈ ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ14 ዓ.ም. ቄሣር አውግስጦስ ሞቶ፣ ፓኖኒያ በሚባለው የሮማ ግዛት የሰፈረው ጦር ሲያምፅ ሌሎቹ መቶ አለቆች ተደበቁ፤ ሉሲሊየስ ተገደለ።

ወታደሩን ያስመረረው ዱላው ብቻ አልነበረም። ፈቃድም ይሸጥ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ከቁፋሮና ከጥበቃ መዳን የፈለገ ሁሉ ለመቶ አለቃው ይከፍላል። ታሲተስ እንደጻፈው የጦሩ ሩብ ያህል ወይ ፈቃድ ወጥቷል፣ ወይ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይንጎራደዳል። ከ80 ላይ ሩቡን ቀንሱ። ብር ያለው ወታደር ከታወቀ አለቀለት፤ እስኪከፍል ድረስ ሥራ ይቆለልበታል። ከፍሎ ከፍሎ ኪሱ ሲራገፍ፣ ሀብታምና ታታሪ የነበረው ሰው ድሃና ሰነፍ ሆኖ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ገንዘቡን ለማግኘት የሚሰርቅም፣ የሚዘርፍም፣ የሎሌ ሥራ የሚሠራም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ69 ዓ.ም. ኦቶ የሚባለው ቄሣር የሮማን ዙፋን እንደያዘ ወታደሮቹ ይህ ክፍያ ይቅርልን ብለው ጮኹ። ኦቶ ጨነቀው። ክፍያውን ቢያስቀር መቶ አለቆቹ ያኮርፋሉ፤ ባያስቀር ዙፋን ላይ ያወጣው ወታደር ያኮርፋል። በመጨረሻ መላ መጣለት፦ ወታደሩ መክፈሉን ይተው፣ መቶ አለቆቹም መቀበላቸውን አይተዉ፤ በየዓመቱ ከራሴ ግምጃ ቤት እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ታሲተስ ነገሩን ጠቃሚ ነው ብሎ አመስግኖታል። ከኦቶ በኋላ የነገሡት ደጋግ ነገሥታትም ወደውት ቋሚ ደንብ አደረጉት።